ከኮከቡ ሥር ያለው ውሃ

ከወደቡ ወደ ገበያው በሚወስደው አቀበት ላይ፣ በመነጽር ቤቱና በጫማ ሰፊው መካከል የተጣበቀች ጠባብ ሱቅ አለች። ሁለት ወፍራም ሰዎች አብረው ከገቡባት አንደኛው ሳይገዛ መውጣት አለበት። የሱቋ ጌታ ካርታ ሠሪ ነው፤ ከተማው ግን ባለኮከቡ ይለዋል። በግራ በኩል ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀሉት የስጦታ ካርታዎች ናቸው። በቀኝ በኩል ሰፋፊ መሳቢያዎች ያሉት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ የሥራ ካርታዎቹ እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። ግራው ለዓይን፣ ቀኙ ለእጅ ነው ይላል ራሱ።

የቀኙ ደንበኞች ቀልድ አያውቁም። ዕቃ አመላላሹ መኪናው የሚገባበትንና የማይገባበትን መንገድ ሊለይ ይመጣል። መድኃኒት አከፋፋዩ የደንበኞቹን ቦታ በባለቀለም መርፌ እየወጋ የሚያይበት ሰሌዳ ያሠራል። መሬት ሊገዛ ያሰበ ሰው ደግሞ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ያያል። ባለኮከቡ እነዚህን ሲሠራ ትንፋሹን ይዞ ነው፤ አንዲት ቦይ ከቦታዋ ፈቀቅ ብትልበት ምግብ አይረጋለትም።

ወደ ግራው ሲዞር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ወረቀቱን በሻይ ነክሮ ያሰጣል፣ ጠርዙን በሻማ ለብለብ ያደርጋል፤ ትናንት የተሣለው ነገር ከቅድመ አያት የወረደ ይመስላል። በስጦታ ካርታ ላይ ጠማማ መንገድ ይቃናል፣ የቆሻሻ መጣያው ይሰወራል፣ እስር ቤቱ የዛፍ ጥላ ይሆናል፤ የስጦታው ባለቤት ቤት ከማዘጋጃ ቤቱ በልጦ ያብጣል። ውሸት ነው? ደንበኛው አውቆ የሚገዛው ውሸት ነው። «ስጦታ ላይ መርዶ አይጻፍም» ይላል ባለኮከቡ፤ ለዚህ አባባሉ ደግሞ እስካሁን የተቃወመው ሰው አልነበረም።

ከተማው የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ከወደቡ ወደ ማዶው ዳርቻ በቀጥታ ሲታይ ከመሐል ትንሽ ዘወር ብሎ ዓሣ አጥማጆች መንጋጋ የሚሉት የድንጋይ ረድፍ ውሃ ውስጥ ተጋድሟል። ሐይቁ ሲሞላ ጥልቅ ነው፣ ሐይቁ ሲጎድል ለውሃው ገጽ ይቀርባል፤ ያም ሆኖ ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም የለም። የጀልባ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዳር ዳሩን ዞረው ነው የሚሻገሩት፤ ምክንያቱን ግን ከጥቂት አሮጌ ዓሣ አጥማጆች በቀር የሚያስታውስ የለም። በሥራ ካርታው ላይ ባለኮከቡ መንጋጋን በትናንሽ ቀይ መስቀሎች ምልክት ያደርግበታል።

አንድ ጊዜ ታዲያ አንዲት ሴት ለእህቷ ሠርግ የሐይቁን ካርታ አሠርታ ወሰደችና፣ ወዲያው ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። «ለሙሽራ የመቃብር ቦታ ስለህ ትሰጠኛለህ? ምን በደልኩህ?» ብላ ጮኸችበት። ቀይ መስቀሎቹን በመላጫ ፍቆ አወጣቸው። ሲያወጣቸው ውሃው መሐል ላይ ባዶ ቦታ ቀረ፤ የስጦታ ደንበኛ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፣ የተበላበት ይመስለዋል። ስለዚህ የአቅጣጫ ኮከብ ሣለበት፤ ባለስምንት ጫፍ፣ ቀይና ወርቃማ፣ የሰሜኑ ጫፍ ከሌሎቹ የረዘመ። ሴትየዋ አይታ ሳመችው። ከዚያ ወዲህ ከሱቁ በወጣ የስጦታ ካርታ ሁሉ ላይ ኮከቡ መንጋጋ ላይ ተቀምጧል። በባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ አለ፣ በፀጉር አስተካካዩ መስታወት አጠገብ አለ፣ በጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ጥርሳቸውን የታመሙ ሰዎች አፍጥጠው ያዩታል። የቅጽል ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ለማንም የማያወራውን ልንገራችሁ። ባለኮከቡ መንጋጋን አይቶት አያውቅም። ውሃ ይፈራል፤ ጀልባ ገመዱን ሳይፈታ ገና ያቅለሸልሸዋል። ቀይ መስቀሎቹን የገለበጣቸው ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ ወረቀት ላይ ነው፤ ሽማግሌውም ከእሳቸው በፊት ከነበረው ገልብጠው ነበር። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል፣ እግሩን ግን አላራሰበትም።

ሚስቱ ቤት ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ይህች ልጅ አድጋ ጀልባ ነጂ ሆነች። «ድመት ዳክዬ ወለደች» ትላለች እናትየዋ፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር፤ ባልየው በቅርብ ካለ ደግሞ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአልጋዋ ራስጌ የኮከቡ ካርታ ተሰቅሎላት ነበር። ወደ መሳቢያዎቹ ግን አትጠጋም ነበር፤ «በጣትሽ ታበላሺብኛለሽ» ይላት ነበር አባቷ። ሐይቁን ያወቀችው ከግድግዳው ላይ ነው። ጀልባ መንዳቱንም የተማረችው ራቅ ካለ ሌላ ውሃ ላይ ሄዳ ነው።

ሰው ወደ ማዶ የሚያሻግሩት ጀልባዎች ጌታ፣ ባለጀልባው፣ አዲስ ቢሮውን ሲከፍት ወዳጆቹ ተሰባስበው ለባለኮከቡ ትልቅ ካርታ አዘዙት። እንደዚያ ተጠቦ የሠራው ሥራ የለም። ኮከቡ የሰሃን ያህል ሆነ፣ ሰማያዊው ውሃ ላይ የወርቅ ቀለሙ በፀሐይ ጊዜ ያጥበረብራል። ባለጀልባው ካርታውን ከወንበሩ በስተኋላ ሰቀለው፤ ደስታው ልክ ስላጣ «ልጅህ ጀልባ ነጂ ናት አሉ፤ ነገውኑ ትምጣ!» አለ። የባለኮከቡ ቤት ሳቅ ብቻ ሆነ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እያሽከረከረች ስታንጎራጉር ይሰማት ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ዝናቡ ቀረና ሐይቁ መጉደል ጀመረ። በወደቡ ግንብ ላይ አረንጓዴው መስመር ከውሃው በላይ ቀርቶ ደረቀ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጅቷ እጇን ታጥባ ሳትቀመጥ ገና ወሬዋን ጀመረች።

«ከነገ ጀምሮ በቀጥታ ልንሻገር ነው። ዳር ዳሩን መዞር ቀረ!»

«በቀጥታ በየት በኩል?» አለች እናቷ።

«በኮከቡ በኩል ነዋ! አለቃዬ ካርታው ላይ ማስመሪያ አጋደመና ‹ይኼ ሁሉ ባዶ ውሃ ተዘርግቶ እኛ ዳር ዳሩን የምንልከሰከሰው ምን ሆነን ነው?› አለ። ይኸው ቲኬቱም ታትሟል።» ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሰማያዊ ቲኬት ነው፤ መሐሉ ላይ የአባቷ ኮከብ፣ ከሥሩ «የኮከቡ መስመር» የሚል ጽሑፍ።

ባለኮከቡ ቲኬቱን አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ውሃው ጎድሏል አይደል?» አለ።

«በጣም እንጂ። ምነው?»

«ምንም።»

እዚህ ላይ ሰውየውን አንገቱን ይዞ መነቅነቅ ያሰኛል። ምንም ነው እንዴ? ልጅህ ናት እኮ! ግን ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚያድነው ስሙን ነው፤ ባለኮከቡም በዚያች ቅጽበት ያሰበው በየግድግዳው የተሰቀለውን ኮከብ ነበር። ነገሩን ዝም ብሎ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳያፍር ማስተካከል እንደሚችል ለራሱ ነገረው። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣና ወደ ሱቁ ወጣ፤ ከመሳቢያው የሥራ ካርታ መዝዞ ጠቀለለና ወደ ባለጀልባው ቢሮ ወረደ።

ባለጀልባው ከሁለት እንግዶች ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«አሃ! አንዱን አስወደድከኝና ደግሞ ሌላ ልትሸጥልኝ መጣህ?»

«ኧረ ሽያጭ አይደለም፤ ስጦታ ነው። ይኼኛው ለሥራ ይሁንህ ብዬ ነው። ያኛው እኮ ለግድግዳ ነው።»

«ታዲያ ግድግዳ ላይ አይደል እንዴ የሰቀልኩት?» አለ ባለጀልባው፤ እንግዶቹ ሳቁ። ጥቅሉን ፈታ አድርጎ አየና ጣቱን ቀይ መስቀሎቹ ላይ አሳረፈ። «እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ድንጋዮች… አሉ ይባላል።»

«ይባላል? አንተ አይደለህ የሣልከው? ሁለቱንም የሣለው አንድ እጅ ነው። የትኛው ነው ታዲያ የሚዋሸኝ?»

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቀና ሲል ከባለጀልባው ጭንቅላት በላይ ኮከቡ፣ ከኮከቡ ሥር ደግሞ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የራሱ ፊርማ ታየው። እንግዶቹም መልሱን እየጠበቁ ያዩታል።

«ሁለቱም የየራሳቸው… ጥቅም አላቸው» አለ።

«አይዞህ፣ አትጨነቅ። ባዶውን ጀልባ ልኬ አስሞክሬዋለሁ፤ ሄዶ መጣ። ድንጋይ ቢኖር የት ይገባ ነበር?» ባለጀልባው የሻይ ብርጭቆውን የተዘረጋው ካርታ ላይ አኖረና ወደ እንግዶቹ ዞረ።

ባለኮከቡ አቀበቱን ግማሽ ያህል ሲወጣ ቆመ። ባዶ ጀልባ ውሃው ላይ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፤ ሰው የሞላበት ጀልባ ግን ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ያኔ አልመጣለትም፤ አሁን መጣለት። ተመልሶ መውረድ ነበረበት፤ እሱ ግን ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱን ሲነግራት መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ይኼንን ሁሉ ዘመን ልጄን ከሞቷ ሥር አስተኝተህልኛል ማለት ነው? ስትመጣ አንተው ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

ልጅቷ ስትመጣ ነገራት። ሳይቀጣጥል ነገራት፤ ስለ ሙሽራዋ እህት፣ ስለ ቀይ መስቀሎቹ፣ ስለ ኮከቡ። እሷ አልጮኸችም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ከአልጋዬ በላይ ያለውም?» አለችው።

«እሱም።»

«ነገ ጀልባው ጢም ብሎ ነው የሚሞላው። እኔ እምቢ ብል ነፋሴ ይረከበዋል፤ እሱ ደግሞ ከፍጥነት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።» ነፋሴ የሚሉት የሥራ ባልደረባዋን ነው፤ ስሙን ያገኘው በአነዳዱ ነው። «ነገ ወደብ ትመጣለህ። በሰዉ ሁሉ ፊት ‹ካርታዬ ልክ አይደለም፣ እዚያ ድንጋይ አለ› ትላለህ። ከአንተ አፍ ከሰሙ ማንም አይሳፈርም። አለቃዬም የሚለው አይኖርም።»

«እላለሁ።»

«አባዬ፣ ትላለህ?»

«እላለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ድንጋዮቹ የት የት እንዳሉ ግን በደንብ ታውቃለህ?»

በልጁ ፊት የወደቀ ሰው ለመነሣት ያገኘውን ይይዛል። «እንደ መዳፌ!» አለ። ይህን ሲናገር ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ጀልባ ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ከእሷ የተሰወረ አይደለምና። ልጅቷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ አለ። የአባቷን ዕውቀት ተጠራጥራ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ በሰው ተጥለቅልቋል። ባለጀልባው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከወዲያ ወዲህ ይላል። የጥርስ ሐኪሙ ከነቤተሰቡ መጥቷል፣ ዕቃ የተሸከሙ ነጋዴዎች አሉ፣ ማዶ ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ አሮጊቶች አሉ። ልጅቷ መሪው ጋ ቆማ አባቷን ትጠብቃለች። ነፋሴ ገመዱን ይዞ «ካልፈለግሽ ለኔ ስጪኝ» ይላታል እየሳቀ።

ባለኮከቡ ሲደርስ ሰዉ ቀድሞ አየው። «ባለኮከቡ መጣ!» አለ አንድ ድምፅ። «የመስመሩ አባት!» አለ ባለጀልባው እጁን ዘርግቶ። ሰዉ ገለል ገለል እያለ መንገድ ሰጠው። አንድ ሽማግሌ ቲኬታቸውን አውጥተው፣ ለማስታወሻ ይፈርምላቸው ዘንድ እስክሪብቶ ዘረጉለት።

«ወገኖቼ» አለ ባለኮከቡ። «ይኼ ካርታ… ይኼ የኔ ካርታ…»

«ዕድሜ ይስጥህ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የሽማግሌው እስክሪብቶ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። የሚያጨበጭቡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ ቤታቸው ውስጥ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት ሁሉ ያውቃል። ልጁን ላለማየት እየጣረ፣ «እኔም ዛሬ አብሬያችሁ ልሻገር ብዬ ነው» አለ። ቲኬቱንም ፈረመ።

ሰዉ እየተንጫጫ ጀልባው ላይ ወጣ። ልጅቷ አባቷ አጠገቧ ሲደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቃልህን በላህ» አለችው። ነፋሴ አሁንም ገመዱን እንደያዘ ነው፤ እሷ ብትወርድ በዚያችው ደቂቃ ይወጣል። ሰዉን አየች፣ አባቷን አየች። «በቃ፣ ከፊት ቁም» አለች። «መንጋጋ ጋ ስንደርስ በእጅህ አሳየኝ። ቀስ ብዬ በጎኑ አልፋለሁ። ታውቀው የለ?»

ራሱን ነቀነቀ።

ጀልባው ከወደቡ ሲርቅ ባለኮከቡ የፊተኛውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ነበር። ወረቀቱ ላይ መንጋጋ ከወደቡ ማማ አንድ አውራ ጣት ርቆ ነው ያለው። አውራ ጣቱን አውጥቶ አየው። እዚህ ላይ አውራ ጣት ማለት ምን ያህል ነው? ወደ ኋላ ዞሮ ማማውን ፈለገ፤ ማማው ከሌሎቹ ቤቶች ጋር ተደባልቋል። ወረቀቱ ጠርዝ ነበረው፣ ከላይ ሰሜን፣ ከታች ደቡብ። ይህ ግን በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልተጻፈበት።

ተሳፋሪዎቹ የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን አጣጥፈው ተቀምጠውባቸዋል፤ ልብስ ያበላሻል ብለው ነው። አንዱ ዘፈን ጀመረ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት።

«ደረስን እንዴ አባዬ?» አለች ከኋላው።

«ገና ነን» አለ። ለምን እንዳለ አያውቅም።

ትንሽ እንደሄዱ ፊት ለፊታቸው አንድ ነጭ ወፍ አየ። ሐይቁ መሐል ላይ ነው፣ አይዋኝም፣ አይበርም። ቆሟል። ውሃው እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ አላለፈም።

ረድፉ ከወፉ ወደ ግራ ነው የሚዘልቀው ወይስ ወደ ቀኝ? መስቀሎቹን አስታወሳቸው፤ ቀይ ናቸው፣ የተደረደሩ ናቸው፣ ወረቀቱን ሲያዞሩት ግን አብረው ይዞራሉ። ከዚያ ኮከቡ መጣበት፣ የሰሜኑ ጫፍ ከሌሎቹ የረዘመው፣ እና ሌላ ምንም ሊያስታውስ አልቻለም።

«አባዬ! ግራ ነው ቀኝ?»

እጁን አነሣ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ግራ ነው ቀኝ? አባዬ!»

«አላውቅም» አለ። ሞተሩ ድምፁን ዋጠው።

«ምን?»

«አላውቅም ልጄ!» ብሎ ጮኸ። «አይቼው አላውቅም! እዚህ መጥቼ አላውቅም! ካርታው ውሸት ነው!»

ይህን ሁሉም ሰማው። ዘፈኑ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ልጅቷ ሞተሩን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ጀልባው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ሰው የሞላው ጀልባ ቁም ሲሉት አይቆምም። ወፉ ተነሥቶ በረረ። ከእግራቸው ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ አንድ ጠንካራ ነገር ከፊት ወደ ኋላ ቀስ እያለ ሲፍቅ ተሰማ። ከዚያ ጀልባው ቆመ፣ ዘመም አለ፣ ውሃም በልጅቷ ጫማ ዙሪያ ገባ።

ሰዉ እየተረጋገጠ ከሥሩ ያሉትን ጃኬቶች መጎተት ጀመረ። ባለኮከቡ ብረቱን እንደጨበጠ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ልጅቷ መሪውን ለቀቀች፣ በሰዎቹ መሐል እየተጋፋች ወደ ፊት መጣች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የለበሰችውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ከራሷ ላይ ፈታችና በእሱ አንገት አጠለቀችለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀቻቸው።

«እጅህን አንሳልኝ አባዬ» አለችው፤ ማሠሪያውን ልታጠብቅለት ጎንበስ አለች።